ሲልቨር አፕልያርድ፦ ለእንቁላልም ለፋሲካ ወጥም የሚሆን ዳክዬ

ዳክዬ ለማርባት ያሰበ ወዳጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነው። «እንቁላልም የሚጥል፣ ሥጋም ያለው የቱ ነው?» መልሴን ከላይ ላስቀምጠው። ሲልቨር አፕልያርድ ነው። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ወይም ጎረቤታችሁ ጫጫታ የማይወድ ከሆነ ደግሞ ዌልሽ ሃርለኩዊን። እዚህ ላይ የደረስኩት ብዙ ዓይነት ገዝቼ፣ መግቤ፣ እንቁላላቸውን ለቅሜ፣ ሥጋቸውንም ሠርቼ ነው። አሁን ምክንያቴን በዝርዝር ልንገራችሁ።

የምኖረው ከሲያትል በስተደቡብ ነው። እዚህ ዝናቡ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት አይለቅም። መሬቱ ጭቃ ነው። ጭቃ ለዶሮ አይስማማም፤ ዳክዬ ግን ደስ ይለዋል። ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ደግሞ የአካባቢው ትልቁ ችግር ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ይበቃዋል፤ የተከላችሁትን ጎመን ግንዱን ብቻ አስቀርቶ ይሄዳል። ዳክዬዎቼ ማለዳ ሲፈቱ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚያ ነው፤ ለቅመው ይጨርሱታል። ይህንን የሚያህል ሥራ ዶሮ ሲሠራልኝ አላየሁም። ደረቅና ሞቃት ቦታ የምትኖሩ ሰዎች እንግዲህ የምለውን ከአየራችሁ ጋር እያስተያያችሁ አንብቡኝ።

አገር ቤት ዶሮ ያረባ ሰው የዝርያ ነገር አይከብደውም። ቦቫንስ ለእንቁላል ነው፣ ሳሶ ለሁለቱም ነው ይላል። ዳክዬም እንደዚያው ነው። ለእንቁላል ብቻ የተፈጠረ አለ፤ ለሥጋ ብቻ የተፈጠረ አለ፤ መሐል ላይ የቆመም አለ። ከባዱ ነገር መሐል ላይ ቆመዋል ከሚባሉት ውስጥ የእውነት የሚያዋጣውን መለየት ነው። የማስፈልፈያዎቹ ካታሎግ ግማሹን ዝርያ «ለሁለቱም ይሆናል» ብሎ ይሸጣል።

እኔ የምለየው በዚህ ነው። እንቁላል ቤት ውስጥ የየቀን ጉዳይ ነው። ሥጋ ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ፋሲካ፣ ገና፣ እንቁጣጣሽ፣ እንግዳ ሲመጣ። ጾታው ያልተለየ ጫጩት ስትገዙ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል። እነዚያን ወንዶች ሁሉ ማስቀመጥ አይቻልም። ለአንድ ወንድ ቢያንስ አራት አምስት ሴት ያስፈልጋል። ወንድ ከበዛ ሴቶቹን ያሠቃያሉ። የአንገታቸውን ላባ ነጭተው ያቆስሏቸዋል፤ ውኃ ውስጥ ሲሆን ጭራሽ ያሰምጧቸዋል። ስለዚህ ሥጋው የሚመጣው ከተረፉት ወንዶች ነው። ሴቶቹ ለእንቁላል ይቆያሉ። ጥያቄው እንግዲህ ሁለት ነው። ሴቷ በዓመት ስንት ትጥላለች? ወንድሟ ሲታረድ ድስት ይሞላል ወይ? ለሁለቱም በቂ መልስ ያለው ዝርያ ነው ለእኔ የሁለቱም ዝርያ።

ካኪ ካምፕቤል በመጀመሪያው ጥያቄ አንደኛ ነው። በእንግሊዝ ግሎስተርሺር አዴል ካምፕቤል የምትባል ሴት ያወጣችው ዝርያ ነው፤ የመጀመሪያውን ካምፕቤል እ.ኤ.አ. በ1898፣ ካኪውን በ1901። ራነር የሚባለውን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዳክዬ ሩዋን ከሚባለው ከባድ ዳክዬና ከዱር ዳክዬ ጋር አዳቅላ ነው ያገኘችው። ጥሩ የካኪ ሴት በዓመት ከ250 በላይ፣ አንዳንዷም ከ300 በላይ ትጥላለች። ከብዙ ዶሮ ትበልጣለች። ወንዱ ግን ሁለት ኪሎ ገደማ ነው፤ ያውም በሕይወት እያለ። ላባው፣ አንጀቱ፣ እግሩና ጭንቅላቱ ሲወጣ የሚቀራችሁ ለሁለት ሰው ነው። ደንጋጣ ወፍም ናት። የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ሁሉም ተደራርበው አጥር ላይ ይለጠፋሉ። እንቁላል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ዓይኑን ሳያሽ ካኪ ይግዛ እላለሁ።

ፔኪን ተቃራኒው ነው። ነጩ፣ ትልቁ፣ የሁሉም ሰው ዳክዬ። ከቻይና ወደ ኒውዮርክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በረጅሙ የባሕር ጉዞ ብዙዎቹ አልቀው ጥቂት ብቻ ተርፈው ነው የሎንግ አይላንድ የዳክዬ እርባታ የተጀመረው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙት የቀዘቀዘ ዳክዬ በአብዛኛው ፔኪን ነው። በሰባት ሳምንት ለእርድ ይደርሳል፤ ሦስት ኪሎ ያልፋል። የነጭ ላባ ጥቅሙ ደግሞ ስትነጩት ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አይቀርም። እንቁላልም ቢሆን ከ150 እስከ 200 ገደማ ይጥላል፤ ትንሽ አይባልም። ታዲያ ለምን አልመረጥኩትም? እግሩ ነው። ሰውነቱ ከእግሩ ይከብዳል። አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ማነከስ የጀመረ ፔኪን ማየት አንጀት ይበላል። ሴቶቹን ለሁለትና ለሦስት ዓመት እንቁላል ይዤ ልቆይ ለሚል ሰው አይሆንም። መኖም ይበላል፣ በጣም ይበላል። ለአንድ በዓል ብቻ አሳድጌ ልረድ ለሚል ግን ከፔኪን የሚሻል የለም።

አሁን ወደ አፕልያርድ። ይህን ዝርያ ያወጣው ሬጂናልድ አፕልያርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሰፎክ፣ ኢክስወርዝ በምትባል መንደር አጠገብ ዳክዬ ያረባ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። መልኩ የሚያምር፣ ትልልቅ ነጭ እንቁላል በብዛት የሚጥል፣ ደረቱም ሰፊና ጥልቅ የሆነ ዳክዬ ነው የፈለገው። ከመነሻው ለሁለቱም ተብሎ የታሰበ ዝርያ ነው። ብዙዎቹ ለአንዱ ተፈጥረው በኋላ ለሁለተኛውም ይሆናሉ የተባሉ ናቸው። ይህ ግን ገና ሲጀመር ሁለቱ ጥያቄዎች ተይዘው ነው የተሠራው። ሲያረቡትም ይታወቃል።

ሴቷ በዓመት ከ200 እስከ 250 ገደማ ትጥላለች። የእኔዎቹ በደህናው ወቅት በሳምንት አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ይሰጡኛል። ክረምት ሲገባና ቀኑ ሲያጥር ይቀንሳሉ፤ መብራት ካልጨመራችሁ ያቆማሉም። ሙሉ ለመጣል ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋሉ። እኔ መብራት አልጨምርም። ያርፉ ብዬ እተዋቸዋለሁ፤ ጥር መጨረሻ ላይ ራሳቸው ይመለሳሉ። እንቁላሉ ነጭ ነው፤ ከዶሮ እንቁላል በግልጽ ይበልጣል፤ 70 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል።

ወንዱ ሙሉ ሲያድግ ከሦስት ኪሎ ተኩል እስከ አራት ኪሎ ይደርሳል። ሲታረድና ሲጸዳ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይቀራል። ይህ ማለት ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ የጸዳ ሥጋ ነው፤ ደህና ትልቅ ዶሮ ያህላል። ደረቱ ላይ ያለው ሥጋ ወፍራም ነው፤ እንደ ፔኪን በስብ የተሸፈነ አይደለም። ለእኛ አሠራር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ወጡ ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

ጠባዩ ደስ ይላል። እርጋታ አለው። ሳር ሲግጥ ውሎ ማታ ራሱ ወደ ቤቱ ይገባል። ብዙ አይበርም፤ ክብደቱ አያስኬደውም። መልኩ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግቢ ውስጥ ሲሄድ ዓይን ይስባል። ወንዱ አረንጓዴ ራስ አለው፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት፣ ደረቱ ቡናማ ቀይ። ሴቷ ነጣ ያለ ብርማ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ቡናማ ጣል ጣል ይልባታል። ድምፅ ግን አላት። እዚህ ላይ አልደብቃችሁም። ጠዋት መኖ ሲዘገይ ሰፈሩን ትጠራለች። ሴት ዳክዬ ሁሉ ይጮሃል፤ አፕልያርድ ከለዘብተኞቹ መሐል አይደለችም። ወንዱ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ልዩነታቸውን የምታውቁትም በዚሁ ነው። ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ስታነሷቸው ሴቷ ጮክ ብላ ትጮኻለች፤ ወንዱ ጎርነን ባለ ድምፅ ያንሾካሹካል። ቆይቶ ጭራው ላይ ጥቅልል ያለች ላባ ትወጣለታለች፤ ያኔ ጥርጥር የለም።

ዌልሽ ሃርለኩዊን ሁለተኛዋ ምርጫዬ ናት፤ ልቤ ውስጥም ቅርብ ናት። ከካኪ ነው የወጣችው። ሌዝሊ ቦኔት የሚባል አርቢ እ.ኤ.አ. በ1949 ከካኪ ጫጩቶቹ መሐል ሁለት ነጣ ያሉ አገኘ። ከእነሱ አራባ፤ በኋላ ወደ ዌልስ ሲሄድ ይዟቸው ሄደ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። እንቁላል እንደ ካኪ ማለት ይቻላል፤ ከ240 በላይ ትጥላለች። ጠባይዋ ግን ከካኪ የተለየ ነው። አትደነግጥም፤ ልጆች እጅ ላይ ትበላለች። ወንዱ ሁለት ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ስለዚህ በሥጋ ከአፕልያርድ በጣም ያንሳል። ግን ትንሽ ትበላለች፣ ትንሽ ቦታ ይበቃታል። እንቁላሏን በበላችው መኖ ስትመትሩት ከሁሉም ትበልጣለች።

አንድ ሌላ ጥቅምም አላት። በተፈለፈሉ የመጀመሪያ ቀናት መንቁራቸውን አይቶ ጾታቸውን መለየት ይቻላል። የሴቶቹ ፈካ ያለ ሆኖ ጫፉ ላይ ጠቆር ይላል፤ የወንዶቹ ሁሉ ጠቆር ያለ ነው። መቶ በመቶ አይደለም፤ ግን ከአሥር ዘጠኝ ያህሉን ታገኛላችሁ። ጥቂት ቀን ካለፈ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሳጥኑ እንደተከፈተ እዩ።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፍ። ሳክሶኒ ከጀርመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኬምኒትዝ ከተማ የተጀመረ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጠፋ ደርሶ የተረፈ ዝርያ ነው። ክብደቱ ከአፕልያርድ አያንስም፤ እንቁላሉ ትንሽ ይቀንሳል። አፕልያርድ ካጣችሁ እሱን ግዙ። አንኮና ዝንጉርጉሩ ከ210 በላይ ይጥላል ይባልለታል፤ መካከለኛ ክብደት አለው፤ የማገኘው ቢሆን ብዙ ጊዜ ይዤው እቆይ ነበር። ኬዩጋ ጥቁሩ፣ አረንጓዴ የሚያብለጨልጨው፣ ለዓይን ነው። የወቅቱ የመጀመሪያ እንቁላሎቹ ጥቁር ሆነው ይመጣሉ፤ እየቆየ ይነጣሉ። ልጆቼ ወደዱት። ለድስት ግን ጥቁር ላባው ቆዳው ላይ ምልክት ይተዋል። ገበያ ላይ ደግሞ ጎልደን 300 የሚባል ድብልቅ አለ፤ ሜትዘር ፋርምስ የሚባል ማስፈልፈያ የሚሸጠው። በእንቁላል ከካኪ ጋር ይፎካከራል፤ ግን ድብልቅ ስለሆነ ከእንቁላሉ የምታስፈለፍሉት ጫጩት እናቱን አይመስልም። የራሴን መንጋ ራሴ ላራባ ለሚል አይሆንም።

ሙስኮቪ ብቻውን ይቆማል። ሌሎቹ ሁሉ ማላርድ ከሚባለው የዱር ዳክዬ የወረዱ ናቸው፤ እሱ ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሌላ ወፍ ነው። ፊቱ ላይ ቀይ ሥጋ አለው። አይጮኽም፤ እፍ ይላል። ወንዱ ከአራት ኪሎ ተኩል እስከ ስድስት ኪሎና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ሥጋው ቀይና ስብ የሌለው ነው፤ የበሬ ሥጋ ይመስላል። ሴቷ እንደ አገራችን ዶሮ ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ሌሎቹ ዝርያዎች ይህን ጠባይ አብዛኛውን አጥተዋል። ግን እንቁላሏ በዓመት ከመቶ ብዙ አያልፍም፤ የምትታቀፈውም 35 ቀን ነው፤ የሌሎቹ 28 ነው። ትበራለች፤ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ አለባት፤ ለምግብ ማርባት ይፈቀዳል፤ ወደ ዱር መልቀቅ አይቻልም። ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አካባቢ ሕግ ጠይቁ። ሥጋን ብቻ ለሚያስብና ሰፊ ቦታ ላለው ሰው እሷን እመርጥለት ነበር።

አሁን በእንግሊዝኛ ምክር ላይ ስለማታገኙት ነገር። የእኛ ቤት ይጾማል። የዳክዬ እንቁላል ደግሞ የሚጎርፈው ልክ ሁዳዴ ላይ ነው። የካቲትና መጋቢት ቀኑ ሲረዝም ሁሉም አንድ ላይ ይጀምራሉ። ማቀዝቀዣ ይሞላል፤ የሚበላ የለም። ስለዚህ ለሚጾም ሰው ዝርያ ሲመርጥ «ብዙ የሚጥል» የሚለው ብቻውን ጥሩ ነገር አይደለም። የሚገዛችሁ ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እኔ የማደርገው ለቪየትናምና ለፊሊፒንስ ጎረቤቶቻችን መሸጥ ነው። የዳክዬ እንቁላል ዋጋውን ያውቃሉ፤ ከዶሮ እንቁላል አስበልጠው ይገዛሉ። አንዷ ጎረቤቴ በጨው ውኃ ውስጥ አንድ ወር ያህል ዘፍዝፋ የምታቆየውን አሳየችኝ። አስኳሉ ጠንክሮ ብርቱካናማ ይሆናል። እኔም ለፋሲካ ሳምንት እያልኩ አሁን በየዓመቱ እዘፈዝፋለሁ። የቀረውን መትቼ በትንሽ ዕቃ አቀዘቅዛለሁ፤ ለኬክ ይሆናል።

የሥጋው አቆጣጠር ግን በሚገርም ሁኔታ ይገጥማል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን የቀረው። የዳክዬ ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያ ሙሉ ላባው፣ የሚነጭበት ጥሩ ጊዜ፣ ሰባት ስምንት ሳምንት ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ ላባ መቀየር ይጀምራል፤ ትንንሽ የላባ ጉጦች ቆዳው ውስጥ ይሞላሉ፤ አንድ ዳክዬ ለመንጨት ከሰዓት በኋላችሁን ሙሉ ይወስዳል። እስከ 12 እና 13 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ጫጩቱ ጾሙ በተያዘበት ሳምንት ከገባ ፋሲካ ላይ ልክ ይደርሳል። ፔኪን በዚያን ጊዜ ሙሉ ነው። አፕልያርድ ገና ሙሉ ክብደቱ ላይ አልደረሰም፤ ግን ለስላሳና ለቤተሰብ የሚበቃ ነው። ትልቁን የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ጊዜ ይጠብቅ።

አስነጫጨቱን በተመለከተ፦ ውኃው 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሁን። የዳክዬ ላባ ውኃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ውኃው ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጉበት። እንደ ዶሮ ነከር አድርጎ ማውጣት አይበቃም፤ ላባው ሥር ድረስ እንዲገባ እያማሰላችሁ ቆዩ። ባለቤቴ ያርዳል፣ እኔ እነጫለሁ፣ እኔው እበልታለሁ። ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ የሚፈልገውን መርጦ በሕይወቱ ይወስዳል፤ ራሱ ያርዳል። ከሁሉም ጋር እንዲህ ነው የምንስማማው።

ወጡስ? ይሆናል። እንዲያውም በጣም ይሆናል፤ ግን እንደ ዶሮ አትሥሩት። ቆዳውን ከነስቡ ሙሉ በሙሉ አውጡ። አፕልያርድን የምወድበት ዋናው ምክንያት እዚህ ነው። ፔኪን ላይ ስቡ ይበዛል፤ ወጡ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል፤ ቅቤውን ይዋጋል። አፕልያርድ ላይ ስቡ ከቆዳው ጋር ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ሥጋው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። በሎሚና በጨው እጠቡት። የተለመደውን 12 ብልት ማውጣት ይቻላል፤ እግሩ ግን አጭር ነው፤ ደረቱ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ደረቱን ሁለት ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ አለዚያ አንዱ ሰው ሁሉንም ይወስዳል። ቁሌቱ እስኪበስል እንደ ሁልጊዜው ታገሡ። ሥጋው ከፈረንጅ ዶሮ ይዘገያል፤ እንደ አገር ቤት ዶሮ ቁጠሩት። ቅቤውን ከለመዳችሁት ቀንሱ። የወጣውን ስብ አትጣሉት፤ በዝግታ አቅልጡና አጥልሉት፤ ድንች ሲጠበስበት ሌላ ነገር ነው።

ወጡ ውስጥ የሚገባው እንቁላልም የዳክዬው ይሁን። ነጩ ክፍል ከዶሮው ጠንከር ይላል፤ ስለዚህ አብዝታችሁ አትቀቅሉ፤ ላስቲክ ይሆናል። አስኳሉ ግን ትልቅ ነው፤ ወጡን ሲጠጣ አንጀት ያርሳል። ለድፎ ዳቦና ለኬክ ከዶሮ እንቁላል የተሻለ ነው፤ ከፍ አድርጎ ያነሳዋል።

ሁሉም ቤት ዳክዬ ይበላል አልልም። እናቴ ከእኛ ጋር ናት። የእግሩ ጣት የተያያዘ ወፍ አይበላም ተብላ ነው ያደገችው፤ ዛሬም አትበላም። ማንም አያስገድዳትም። ለእሷ በበዓል የዶሮ ወጥ ለብቻ ይሠራል። ማለዳ እንቁላሉን የምትለቅመው ግን እሷ ናት፤ ዳክዬ ጎህ ሲቀድ ጥሎ ስለሚጨርስ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ በር አትከፍትላቸውም፤ ከተከፈተላቸው የትም ጥለው ይሄዳሉ። ቤታችሁ ውስጥ የማይበላ ሰው ካለ ይህም ምርጫችሁ ላይ ይግባ። ሥጋውን የሚበላው ሁለት ሰው ከሆነ ሃርለኩዊን ይበቃችኋል።

ስለ አያያዝ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የዳክዬ ጫጩት ኒያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት አብልጦ ይፈልጋል። የዶሮ መኖ ብቻ ከሰጣችሁት እግሩ ይጣመማል። በዳክዬ መኖ አሳድጉ፤ ካልተገኘ የቢራ እርሾ ዱቄት መኖው ላይ ነስንሱ። ከባድ ዝርያ ላይ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ አፕልያርድ ክብደቱን የሚሸከመው በዚያ እግር ነው። ሁለተኛው የወፍ ጉንፋን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ብዙ መንጋ ጨርሷል፤ የሚያመጡት የዱር ዳክዬዎች ናቸው። የዱር ዳክዬ ግቢያችሁ ኩሬ ላይ እንዲያርፍ አትፍቀዱ። ኩሬ ግዴታ አይደለም። ራሱን ሙሉ መንከር የሚችልበት ጥልቅ ገንዳ ይበቃዋል።

ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንድ ማስፈልፈያ አፕልያርድ ብሎ የላከልኝ ጫጩቶች ሲያድጉ ቀጫጭን ሆኑ፤ መልካቸው አፕልያርድ ነው፤ ክብደታቸው ሦስት ኪሎ አልሞላም። ደወልኩ። «የእኛ መስመር ትንሽ ነው» አሉኝ። ይህንን ከመሸጣቸው በፊት መጻፍ ነበረባቸው፤ ካታሎጉ ላይ ያለው የትልቁ ክብደት ነው። ተናድጃለሁ፤ አሁንም ትክክል ነው አልልም። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፦ ያሳደጋችሁት ወንድ ስንት ይመዝናል? ሴቷ ባለፈው ዓመት ስንት ጣለች? መልስ ከማይሰጥ ሻጭ አትግዙ። እኔ በኋላ ከአንድ አርቢ ቤት ሄጄ እናትና አባቱን አይቼ ነው የገዛሁት፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ዛሬ ያለኝ መንጋ ከእነሱ የመጣ ነው።

በፖስታ ከሆነ የተፈለፈለ ጫጩት ሆዱ ውስጥ በቀረው አስኳል ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፤ በዚያ ነው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ በፖስታ የሚላከው። ፖስታ ቤቱ ማለዳ ይደውላል፤ ስልካችሁን ክፍት አድርጉ። ሞቅ ያለ ውኃ ቀድሞ ይዘጋጅ፤ አንድ በአንድ መንቁራቸውን ነክሩላቸው፤ ከዚያ ነው መኖ የሚቀርበው።

ጥሩ ጥሩው ዝርያ ቶሎ ያልቃል። አፕልያርድ በተለይ። ለፋሲካ ያሰባችሁ የሁዳዴ መግቢያ ቀንን ከባሕረ ሐሳብ ተመልከቱ፤ የፖስታውን ቀን በዚያ ሳምንት አድርጉና ጥር ሳይገባ እዘዙ። ከስድስት ሴትና አንድ ወንድ በላይ ማቆየት ካላሰባችሁ አሥራ ሁለት ጫጩት ይበቃል፤ የተረፉት ወንዶች ለበዓሉ ይሆናሉ።